ሳላማንካ ሄጄ እንግሊዝኛ ተምሬ መጣሁ

እናቴ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ አንድ ሰርተፊኬት ተሰቅሏል። ፒያሳ ወስዳ በመስታወት ያስገባችው ራሷ ናት። ፍሬሙ ወርቃማ ነው። እውነቱን ለመናገር ከወረቀቱ ይልቅ ፍሬሙ ያምራል። በአንድ ጎኑ የምረቃ ፎቶዬ አለ፤ በሌላው ጎኑ የመካ ሥዕል ያለበት የግድግዳ ሰዓት።

እንግዳ በመጣ ቁጥር እማ በአገጯ ወደ ግድግዳው ትጠቁምና፣ «የስፓኒሽ ነው። እስፔን ድረስ ሄዳ ነው ያመጣችው» ትላለች። እንግዳው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ቡናውን ልይ ብዬ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ወረቀቱ አይዋሽም። ስሜ በትክክል ተጽፏል። ስምንት ሳምንት መማሬ ተጽፏል። ቢ አንድ የሚባል መካከለኛ ደረጃ ላይ መድረሴ ተጽፏል። ማህተምም አለው። ችግሩ ወረቀቱ ከእኔ የተሻለ ስፓኒሽ መቻሉ ነው።

ይህን ለቤተሰቤ እስካሁን አልተናገርኩም። እማ ኢንተርኔት አታነብም፤ እዚህ ብተነፍሰው ችግር የለውም። የሰፈራችን ሰው ካነበባችሁት ግን አደራ።

ለምን ስፓኒሽ? የደሴ ልጅ አረብኛ ቢማር የሚጠይቀው የለም። እንግሊዝኛ ቢማር ይመረቃል። ስፓኒሽ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ቱሪዝም ነው። ለተግባር ልምምድ ላሊበላ ወሰዱን። እንግሊዝኛ የሚችሉት አስጎብኚዎች ቤተ ጊዮርጊስ አካባቢ ተኮልኩለው እንግዳ ይጠብቃሉ። አንድ ስፓኒሽ የሚችል ልጅ ነበር፤ የሱ ስልክ አያርፍም። እንግዶቹ ገና ከማድሪድና ከባርሴሎና ሳይነሱ ነው ቀኑን የሚያስይዙት። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ስነሳ ወስኜ ነበር።

ደሴ ውስጥ ግን ስፓኒሽ የሚያስተምር በፋኖስ ቢፈለግ አይገኝም። ሆጤም ጠየቅኩ፣ አራዳም ጠየቅኩ። በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ፣ «ኮምቦልቻ አንድ መካኒክ አሉ፤ ጋሽ ኩባ ነው የሚሏቸው» አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ሐረጎን መውረድ ጀመርኩ። መንገዱን ለማታውቁት፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ከደሴ ስትነሱ ጋቢ ናችሁ። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ኮምቦልቻ ስትገቡ ውሃ ትገዛላችሁ።

ጋሽ ኩባን መጀመሪያ የተዋወቅኳቸው በእግራቸው ነው። ሌላው አካላቸው አይሱዙ ሥር ነበር።

«ጋሼ፣ ስፓኒሽ ይችላሉ ብለውኝ ነበር» አልኩ ለእግሮቹ።

እግሮቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ ከመኪናው ሥር የሆነ ነገር ተባለ። ፈጣን ነው፣ ዜማ አለው። ምንም አልገባኝም።

«ገባሽ?»

«አልገባኝም።»

«ፒንሳዋን አቀብዪኝ ነው ያልኩሽ። አቀብዪኝ!»

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይህ ነበር። ሁለተኛውም፣ አሥረኛውም እንደዚያው ነበር። ደብተር ይዤ ብሄድም ደብተሬን ግሪስ ነካው እንጂ ብዙ አልተጻፈበትም። እሳቸው ከሥር ይጠይቃሉ፣ እኔ ከላይ አቀብላለሁ። ከተሳሳትኩ የተሳሳተው ዕቃ በእግሬ አጠገብ ተወርውሮ ይመለሳል።

የጋራዥ ቃል ደግሞ ለዚህ ቋንቋ አቋራጭ መሆኑን ያወቅኩት እዚያ ነው። መካኒኮቻችን ብዙውን ነገር የሚጠሩት ከጣሊያን በወረሱት ስም ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ ደሴ ገብቶ አምስት ዓመት ሲቆይ መንገዱንም ቃሉንም ትቶልን ሄደ። ስፓኒሽና ጣሊያንኛ ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ፍሬን ፍሬኖ ነው። ሞተር ሞቶር ነው። ባትሪ ባቴሪያ ነው። ጎማ ያው ጎማ ነው። ጎማዋን አስታውሷት፤ ኋላ ታዋርደኛለች።

ጋሽ ኩባ ታሪካቸውን የነገሩኝ በአንድ ጊዜ አይደለም፤ ቡሎን በፈታን ቁጥር ትንሽ ትንሽ ነው። አባታቸው ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ኦጋዴን ቀሩ። ከዚያ ጦርነት በኋላ አባቶቻቸውን ያጡ ልጆች በሺዎች እየተሰበሰቡ ወደ ኩባ ተላኩ። እሳቸው በ1971 ዓ.ም ሲሄዱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። ያረፉት ኢስላ ደ ላ ኹቬንቱድ ላይ ነው፤ የወጣቶች ደሴት ማለት ነው። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ግሬፕፍሩት ለቀማ። «ቋንቋውን እንዴት ተማሩት?» ስላቸው ገርሟቸው አዩኝ። «ርቦኝ ነዋ። ሳህኑን የያዘችው ሴትዮ አማርኛ አትችልም።»

ስፓኒሻቸው የኩባ ነው። የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጧታል። ለአመሰግናለሁ ግራሲያስ አይሉም፤ ግራሲያ ነው። አውቶቡስ ጉዋጉዋ ነው። ክፍያ አልቀበልም አሉኝ። «ቋንቋዬ ዝጓል። አንቺ ዘይት ታጠጪልኛለሽ» አሉ። እማ ግን ባዶ እጄን አትልከኝም፤ አንዳንዴ ጨጨብሳ፣ አንዳንዴ ቆሎ ትቋጥርልኛለች።

አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ቆየሁ። በ2011 ዓ.ም ነው የፕሮግራሙን ማስታወቂያ ያየሁት። ስሙን አልጠራም። ሳላማንካ ላይ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ በቀን አራት ሰዓት ትምህርት፣ ከስፔን ቤተሰብ ጋር መኖር፣ በመጨረሻ ሰርተፊኬት። ፎቶው ላይ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ይስቃሉ። ከክፍያው ግማሹን በስኮላርሺፕ እንችላለን አሉ። እኔ የሚቀረኝ ከቲኬቱ ጋር 1,800 ዩሮ ሆነ። ያኔ አንድ ዩሮ 32 ብር ገደማ ነበር። አስሉት።

ያሰላችው እህቴ ናት። እትዬ ጅዳ ሰው ቤት ከገባች ስድስተኛ ዓመቷ ነበር። ስደውልላት ትንሽ ዝም አለች። «መቼ ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። በሁለት ወር ከፍላ ላከችው። የስንት ወር ደሞዝ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

ጋሽ ኩባ ዜናውን ሲሰሙ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ጥሩ ነው። እዚያስ ማን ነው ፒንሳ አቀብዪኝ የሚልሽ?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

ሳላማንካ ታምራለች። ይህን ሳልል ባልፍ ግፍ ነው። ከተማዋ የተሠራችበት ድንጋይ ማር ይመስላል፤ ማታ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዋ እንደ ፈረንጆቹ በ1218 የተመሠረተ ነው፤ እኔ ስደርስ 800ኛ ዓመቱን ካከበረ ገና ዓመቱ ነበር። በ1492 የስፓኒሽን ሰዋስው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው ኔብሪሃም እዚያ ያስተማረ ሰው ነው። ያ ሁሉ ታሪክ አጠገቤ ነበር። እኔ የተማርኩት ግን አንድ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቬንትሌተር ያለበት ክፍል ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከተማውን አስጎበኙን። የድሮው ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቅርጻ ቅርጽ ነው። እዚያ ውስጥ፣ አንድ የራስ ቅል ላይ፣ ትንሽ እንቁራሪት ተቀርጻለች። ማንም ሳያሳየው ያገኛት ተማሪ ፈተናውን ያልፋል ይባላል። አስጎብኚዋ ይህን ነገረችንና ወዲያው ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ «ያቻትላችሁ!» አለች። በእንግሊዝኛ። ቀና ብዬ ለመፈለግ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ሁሉም ፎቶ አነሳ፣ እኔም አነሳሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን ደስ ይል ነበር። የእኛ አፍ ለስፓኒሽ የተሠራ ነው ብል አልዋሸሁም። ኤስፓኛ ሲባል ያለችው «ኛ» ያችው የእኛዋ «ኛ» ናት። ጓደኞቼ «ኒያ» እያሉ ሲታገሉ እኔ ፊደል ገበታዬ ትዝ ይለኛል። ኾሴ የሚለው ስም ውስጥ ያለችው «ኾ»ም «ኸረ» እያለ ላደገ የወሎ ልጅ ምኗም አይደለች። «ፔሮ» ላላ ሲል «ግን» ነው፤ «ሮ»ዋ ስትጠብቅ ውሻ ነው። እነሱ «ግን»ን ከውሻ ለመለየት ሳምንት ፈጀባቸው። እኔ «ገና» በዓሉንና «ቆይ፣ ገና ነው»ን ሳልማር የለየሁ ሰው ነኝ። የካስቲያ (የመሃል ስፔን) ሰዎች ግራሲያስ ሲሉ ምላሳቸውን ጥርሳቸው መሃል የሚያስገቡባት ድምፅም አለች። እሷንም ቁርአን ቤት በአለንጋ ተምሬያታለሁ።

አንድ ቀን መምህራችን «ኦኻላ» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «ምነው በሆነ» እንደማለት ነው። ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከአረብኛ ነው፤ «አላህ ቢሻ» ከሚለው። ሙስሊሞቹ ስፔን ውስጥ ወደ ስምንት መቶ ዓመት ሲቆዩ ብዙ ቃል ትተው ሄደዋል። እኔ መቀመጫዬ ላይ ቁጭ ብዬ መልቀም ጀመርኩ። አሴይቴ፣ ዘይት። አሱካር፣ ስኳር። ታሳ የቡና ስኒ ነው፤ ጣሳ። ካሚሳ ሸሚዝ ነው፤ ይቺ በላቲን በኩል የመጣች ብትሆንም ከቀሚስ ጋር ዘመድ ናት። እማ ጓዳ ውስጥ ያለው ግማሹ ዕቃ ሳላማንካ ተቀምጦ አገኘሁት። እጄን አውጥቼ ልናገር አልኩ። ግን አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ ልንገራችሁ።

ከዚያ ሦስት ቀን በፊት መምህራችን፣ «ከአገራችሁ አንድ ገጠመኝ ንገሩን» ብላ ነበር። እኔ ተነሳሁ። ከማንም በፊት። ሐረጎ ላይ ጎማ የፈነዳበትን ሚኒባስ ልናገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከአይሱዙ ሥር ስሰማው የኖርኩት ቋንቋ ነው፣ ምን ያስፈራኛል? «ላ ጉዋጉዋ» ብዬ ጀመርኩ። መምህሯ ፈገግ አለች። «አውቶቡስ ማለትሽ ነው?» ቀጠልኩ። ጎማው ፈነዳ፣ ሾፌሩ ጎማውን ቀየረ፣ እኛ ጎማውን ገፋን። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት አየሁ። ከጠረጴዛዋ ላይ የእርሳስ ላጲስ አነሳችና፣ «ይህን?» አለችኝ።

ስፔን ውስጥ ጎማ ላጲስ ነው። የመኪናው ሌላ ስም አለው። ኩባ ላይ ግን ጎማ ጎማ ነው። መምህሯ በክፋት አይደለም ያደረገችው፤ ደግ ሴት ነበረች። ክፍሉም በክፋት አልሳቀም። ሾፌር ላጲስ ሲቀይር፣ ሃያ ተሳፋሪ ላጲስ ሲገፋ አስቡት። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን አፌ ተዘጋ። «ስ»ን እየዋጥሽ ነው ሲሉኝ «ስ»ን ለማውጣት መጠንቀቅ ጀመርኩ። ስጠነቀቅ ዓረፍተ ነገሩ ያልፈኛል። ይሉኝታ ያደግኩበት ነው፤ ደሴም ትቼው አልሄድኩም፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር።

ዝም ያልኩት ደግሞ በስፓኒሽ ብቻ ነው። ክፍላችን ውስጥ 14 ነበርን። ዘጠኙ ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ በአንድ ላይ የመጡ ናቸው። የቀረነው ከየአገሩ ነን። ደወል ሲደወል ሁሉም በረንዳ ይወጣል፤ እንግሊዝኛው ይጀመራል። ለሽርሽር አውቶቡስ ውስጥ እንግሊዝኛ። የዋትስአፕ ግሩፑ እንግሊዝኛ። ማታ ፕላሳ ማዮር በሚባለው የከተማው አደባባይ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለን እንግሊዝኛ። ልጆቹ መልካም ነበሩ፤ ስለ እንጀራ ይጠይቁኛል፣ ስለ ላሊበላ ይጠይቁኛል። እኔም አወራለሁ። እንዲያውም አፌ ተፈታ። ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተምሬ ያላገኘሁትን ቅልጥፍና ሳላማንካ በስምንት ሳምንት አገኘሁት። እትዬ በጅዳ ላብ ከፍላ እንግሊዝኛ አስተማረችኝ ማለት ነው።

ያረፍኩባት ሴኞራ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ናት። አራት ተማሪ በአንድ ጊዜ ታሳድራለች። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ አንዴ ነገርኳት፤ እስክወጣ ድረስ አልረሳችውም። ግን ስንት ተማሪ በዚያ ቤት እንዳለፈ እንጃ፤ ለእኛ የምትናገረው የተለየ ስፓኒሽ አላት። ዝግ ያለ፣ በእጅ የታጀበ። «ሾርባ። ትኩስ። ተጠንቀቂ።» ልጇ ሲደውልላት ነው እውነተኛው ቋንቋ የሚወጣው፤ ያኔ ደግሞ ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ትዘጋለች። በሩ ላይ ጆሮዬን የደገፍኩበት ቀን አለ። አላፍርም።

ነሐሴ ሲገባ ይባስ። ለካ ስፔኖች ነሐሴ ላይ ከተማ አይቀመጡም። ሱቁ ሁሉ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ ሴራዶ ፖር ባካሲዮኔስ፣ ለዕረፍት ተዘግቷል። የከተማው ሰው ወደ ባህር ሲወጣ የቋንቋ ተማሪው በአውቶቡስ ይገባል። ቋንቋውን ልንማር የመጣንበት ሕዝብ ሌላ ቦታ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመዘጋቱ በፊት፣ ከፕላሳ ማዮር አጠገብ ያለው የገበያ አዳራሽ ውስጥ ገባሁ። ኮክ አየሁ። በክረምት ኮክ ካየሁ አላልፍም፣ የእማ ልጅ ነኝ። «ኩዋንቶ?» አልኳት ሴትዮዋን። ነገረችኝ። ሳላስበው የእማ የሰኞ ገበያ ፊት ፊቴ ላይ መጣ። ከንፈሬን መጠጥኩና «ኡይ፣ ኤስ ሙቾ!» አልኩ። በዛ!

ስፔን ውስጥ ዋጋ አይከራከሩም። ሴትዮዋ ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከየት ነሽ አለችኝ፤ ኢትዮጵያ አልኩ። እናትሽ ምን ትሠራለች አለችኝ፤ እሷም ገበያ ናት አልኩ። ምን ትሸጣለች? በርበሬ። በኪሎ ነው? በጣሳ ነው! ታሳ፣ አልኳት፣ በእጄ እያሳየሁ። ወንድ ደንበኛ ከኋላዬ ቆሞ ያጉረመርማል፣ እሷ አልሰማችውም። አንድ ተጨማሪ ኮክ ከላይ ጣል አደረገችልኝ። ምርቃት! እዚያም ምርቃት አለ። «ነገ ነይ» አለችኝ። «ስ»ን ዋጥኩ አልዋጥኩ አላስታውስም።

በማግስቱ ፈተና ነበረብን። በሦስተኛው ቀን ስሄድ በሯ ላይ ያቺ ወረቀት ተለጥፋለች።

እትዬ የደወለችልኝ በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሮማውያን የሠሩት ድልድይ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እዚያ አገር በክረምት መግሪብ ለመስገድ እንቅልፍን መዋጋት ነው።

«እስቲ በስፓኒሽ አናግሪኝ» አለችኝ።

የሆነ ያልሆነ ቀባጠርኩ። ሳቀች፣ ደስ አላት። ከዚያ ዝም ስል ነቃችብኝ። እህት ናት። «ምነው?» አለች። ትንሽ ነገርኳት፤ ሰው እንደማላገኝ፣ ስሳሳት እንደማፍር። የላጲሷን ነገር ነገርኳት።

«አይ አንቺ!» አለችኝ። «እኔ እኮ መጥረጊያ አምጪ ስትለኝ መጥበሻ ይዤ እየሄድኩ ነው አረብኛ የተማርኩት። የመጀመሪያውን ወር ሌሊት ሌሊት አልቅሻለሁ። በስድስተኛው ወር ከማዳሟ ጋር መጨቃጨቅ ጀመርኩ። ማን ሰርተፊኬት ሰጠኝ? አብሽሪ፣ ተሳሳቺ።»

ያኔ ነው የጋሽ ኩባ ጥያቄ የገባኝ። ጅዳ ያለችው ሴትዮ መጥረጊያዋን ትፈልጋለች። ግሬፕፍሩት እርሻው ላይ ሳህን ይዛ የቆመችው ሴትዮ መልስ ትጠብቃለች። ሳላማንካ ውስጥ ግን ከእኔ ምንም የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ደንበኛ ነበርኩ። ደንበኛን ማንም አይቆጣም። በስፓኒሽ ባልችል በእንግሊዝኛ ያስተናግዱኛል።

ተጭበረበርኩ ማለት አልችልም፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ሁሉ ተሰጥቶኛል። ሰዓቱ ተሟልቷል፣ ቤተሰቡ ነበር፣ ሽርሽሩ ነበር። ክስ የለኝም። ፈረንጅ ዘጠኝ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ማስገባታቸውን እታዘባለሁ፤ ግን በረንዳው ላይ ከእነሱ ጋር የሳቅኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻው ሳምንት ስልኬ ላይ ስለ ፔድሮ ፓኤዝ አነበብኩ። እንደ ፈረንጆቹ በ1564 ማድሪድ አካባቢ የተወለደ የስፔን ሰው ነው፤ ኢየሱሳዊ ሚስዮናዊ። ወደ እኛ አገር ሲመጣ መንገድ ላይ ተይዞ የመን ውስጥ ሰባት ዓመት ገደማ ታሰረ። አረብኛን እዚያ ለመደ። በ1603 ኢትዮጵያ ገባ፤ አማርኛውንም ግዕዙንም ያዘው። በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ ምንጩን አይቷል። ሃይማኖት ለማስለወጥ መምጣቱን አልወድለትም፤ መዘዙን ታሪክ ያውቀዋል። ቋንቋውን ግን በሰንሰለት ታስሮ ነው የጀመረው። ያን ሳነብ ስምንት ሳምንቴ በጣም አጭር፣ አልጋዬም በጣም ምቹ ሆነው ታዩኝ።

ለመመለስ ማድሪድ ሁለት ቀን አደርኩ። ሰው ስለማላውቅ ሜትሮ በሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ቁጭ ብዬ ወዲያ ወዲህ እል ነበር። አንዳንድ ጣቢያ ሲደረስ አንድ ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። የሚያምር፣ የረጋ ድምፅ ነው። ደጋግሜ ስሰማው በቃሌ ያዝኩት። ስምንት ሳምንት ቆይቼ ያለ አንድ ስህተት፣ እንደ አገሬው ሰው መናገር የቻልኩት ስፓኒሽ እሱ ብቻ ነው።

ስለ ላሊበላ ሥራዬ ብዙ የምለው የለኝም። ከተመለስኩ ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ ኮሮና መጣ። ቀጥሎ ጦርነቱ። ላሊበላም ደሴም ያየነውን አየን። የማድሪድ እንግዳ የሚባል ነገር ጠፋ።

ልናገረው የፈለግኩት ግን የተመለስኩ ሰሞን የሆነውን ነው። ጳጉሜ ላይ ነበር፤ የደሴ ዝናብ ገና አልተወም። እማ ጎረቤቱን ሁሉ ለቡና ጠራች። ሣር ተጎዘጎዘ፣ እጣኑ ጨሰ። ሰርተፊኬቱ ከተሰቀለ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጋሽ ኩባንም ከኮምቦልቻ አስጠራቻቸው። ቱታቸውን አውልቀው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው መጡ። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም።

አቦሉ ተጠጣ። እማ ሲኒ እየሰበሰበች፣ «በይ እንግዲህ አንድ በይን» አለችኝ። «መምህርሽም እዚህ አሉ። እሳቸው ይፍረዱ።»

ቤቱ ፀጥ አለ። የቤት ሙሉ ሰው ዓይን እኔ ላይ ነው። ጋሽ ኩባ ሲኒያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። የት ልግባ? ስለ ራሴ ልናገር ብል «ስ»ዋ ትይዘኛለች። ስለ ከተማዋ ልናገር ብል መሃል ላይ እቆማለሁ። አፌን ስከፍት የወጣው የሜትሮው ነው። በዚያው በረጋ ድምፅ፣ በዚያው ዜማ፦

«አቴንሲዮን። ኤስታሲዮን ኤን ኩርባ። አል ሳሊር፣ ቴንጋን ኩይዳዶ ፓራ ኖ ኢንትሮዱሲር ኤል ፒዬ ኤንትሬ ኮቼ ኢ አንዴን።»

ተጠንቀቁ፤ ጣቢያው ጠመዝማዛ ላይ ነው። ሲወርዱ እግርዎ ባቡሩና መድረኩ መሃል እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ይህንን ነው ያልኩት።

«አሚን!» አሉ በግራ በኩል የተቀመጡት።

«አሜን!» አሉ በቀኝ በኩል ያሉት፣ የጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

የማየው ጋሽ ኩባን ነው። ከንፈራቸው ዳር አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ። ሲኒዋን ቀስ ብለው ረከቦቱ ላይ መለሷት።

«እንዴት ናት ጋሼ? ቻለች?» አለች እማ።

«በጣም እንጂ» አሉ። «ቁርጥ የማድሪድ ሰው ነው የምትመስለው።»

«ምንድን ነው ያለችው?»

ጋሽ ኩባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምርቃት ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ነውና፣ ስትወጡ ስትገቡ እግራችሁን ከክፉ ይጠብቅላችሁ ነው ያለችው።»

«አሚን! አሜን!» አሁን ቤቱ በሙሉ ሆነ። እማ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔ ፍሙን አስተካክላለሁ ብዬ ጎነበስኩ።

ሲመሽ ልሸኛቸው ወጣሁ። ያካፋል። በራችን ላይ ያለችው ድንጋይ ጭቃ ሲነካት ሰው ትጥላለች፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል። ጋሽ ኩባ ተሻገሩና ዞር አሉ። ጣታቸውን ወደ ድንጋዩ ቀሰሩ።

«ኩይዳዶ ኮን ኤል ፒዬ» አሉኝ። እግርሽን ጠብቂ።

ሁለታችንም እስክናነባ ሳቅን። ከዚያ ሸሚዛቸውን ከዝናቡ ሸፈን አድርገው፣ «ቅዳሜ ነይ» አሉ። «አንድ አይሱዙ ፍሬኑ እምቢ ብሎኛል። የሚያቀብለኝ የለም።»

«ግራሲያ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ያለ «ስ»።